የእማዬ ጥለት የጠፋበት ፎቶ

«እኔ የታለሁ?» አለች እማዬ።

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀምጬላት ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ፎቶ በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለችው የእሷ አገር በድሮን ያነሣሁት ነው። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ ሕዝቡ በታጨደው የገብስ ማሳ መሀል ነጭ ሆኖ ተሰልፎ ይታያል። ፌስቡክ ላይ ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር ያሳየኋት።

መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «ከድባቡ ኋላ፣ በስተግራ ነበርኩ። ጥለቴ ሰማያዊው ነው፣ ያ አክስትህ ያሸመነችልኝ።» በጣቷ ቦታውን አሳየችኝ። አጎላሁላት። አሁንም አጎላሁላት። ከድባቡ ኋላ በስተግራ ያለው ነጭ ብቻ ነው። ሰውም አይመስልም፣ ጨርቅም አይመስልም። ኖራ የፈሰሰበት ግድግዳ ነው የሚመስለው፣ እዚህም እዚያም የወንዶች ጭንቅላት ጣል ጣል ያለበት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ጥለቱን የት አደረገው?»

እየወቀሰችኝ አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው። ከዚያ ላፕቶፑን መለሰችልኝና ቡናዋን ልትቆላ ተነሣች። እኔ ግን ከዚያች ጥያቄ መነሣት አልቻልኩም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ ነው ያደግነው። ለዚያች ቀን ጥጡ ሲፈተል ይከርማል፣ ሸማኔው ይለመናል፣ ጥለቱ ይመረጣል። እኔ ደግሞ በዚያች ቀን ከሁሉም በላይ ሆኜ አይቼ፣ የሁሉንም ቀሚስ አጠፋሁት። ላይክ ያደረጉት ሰዎች ያላዩትን እናቴ በአንድ ደቂቃ አየችው። ምክንያቱም እሷ ቆንጆ ፎቶ አልነበረም የምትፈልገው። ራሷን ነበር።

ካሜራው ነጭን አያውቅም

ድሮን ለማብረር ፈቃዱ፣ ደብዳቤው፣ ምልልሱ ብዙ ነው፣ አልዘረዝረውም። ከሱ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ያሉኝን ልንገራችሁ። «ከታቦቱ በላይ እንዳይሆን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስለዚህ ከሕዝቡ ራስ በላይ አልሄድኩም። ድሮኑን ከማሳው ወገን አቁሜ ካሜራውን አጋድዬ ነው ያነሣሁት። ይሄ እስከ ዛሬ የማልጥሰው ልማድ ሆኗል። ለታቦቱ ክብር ብቻም አይደለም፤ ሰው ራስ ላይ የሚወድቅ ነገር ይዞ ማንዣበብ በራሱ ልክ አይደለም።

ከቀኑ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። የደጋ ፀሐይ እንዴት እንደሚያቃጥል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማቪክ 2 ፕሮ የሚባለውን ድሮን ነበር የያዝኩት። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ) 5.6 ላይ አድርጌ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ለካሜራው ተውኩት። በኋላ የፋይሉን መረጃ ሳየው ካሜራው የመረጠው 1/320 ሰከንድ ነበር። ለዚያ ፀሐይ ብዙ ብርሃን ነው።

ለምን እንደዚያ መረጠ? ካሜራው የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ዓለም ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሣው። ከፊቱ ጨለም ያለ ነገር ከበዛ ያበራዋል፣ ብሩህ ነገር ከበዛ ያጨልመዋል። የኔ ፎቶ ላይ ሕዝቡ የያዘው ከፍሬሙ አንድ አምስተኛውን ቢሆን ነው። የቀረው ጥቁር አፈር ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ የገደል ጥላ ነው። ካሜራው «ጨልሟል» አለና አበራው። አፈሩ አማረበት። ነጠላው ተቃጠለ።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ወደ ሕዝቡ ቀርባችሁ ፍሬሙን በነጭ ከሞላችሁት ካሜራው ይደነግጥና ያጨልመዋል፤ ያኔ ነጠላው ሁሉ አመድ የነካው ይመስላል። ሁለቱም ደርሶብኛል። ከሁለቱ ግን የሚሻለው የጨለመው ነው፣ ምክንያቱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ድሮኑ የሚያየውን በሚያሳየኝ ስልክ ላይ ለምን አላየሁትም? ፀሐይ ላይ ቆሞ የስልክ ስክሪን አይቶ ብርሃን መፍረድ ከባድ ነው። ሁሉም ነገር ጨለማ ይመስላል። አፑ ላይ የበዛ ብርሃን ያለበትን ቦታ በዥንጉርጉር መስመር የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ዜብራ የምንለው። እይታዬን ሸፈነብኝ ብዬ አጥፍቼው ነበር። ሂስቶግራሙንም፣ የፎቶውን ብርሃን ከጨለማው በግራ እስከ ብሩሁ በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እንዲሁ። ሊነግሩኝ የሚችሉትን ሁለቱንም ዝም አሰኝቼ ነው የበረርኩት።

በዚያ ላይ በጄፔግ፣ ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው የተለመደ የፎቶ ፋይል፣ ብቻ ነበር ያነሣሁት። ራው የሚባለው፣ ካሜራው የመዘገበውን ሳይቀንስ የሚይዘው ፋይል፣ በዚያ ድሮን አንዱ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሜሞሪ ካርዴ ደግሞ ሊሞላ ነበር። ያጠራቀምኩት ቦታ ዋጋው የእናቴ ቀሚስ ሆነ።

ግራጫ የሆነው ሌሊት

የዚያን ቀን ማታ ፎቶውን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ከፈትኩት። ሃይላይቱን፣ ብሩሁን ቦታ የሚያስተካክለውን መጎተቻ፣ ወደታች ጎተትኩት። እስከ መጨረሻው፣ እስከ −100 ድረስ። ነጩ ግራጫ ሆነ። በቃ። ጥለት አልመጣም፣ የቀሚስ እጥፋት አልመጣም። ኖራው አመድ ሆነ እንጂ ሰው አልሆነም።

እንደዚህ ነው የሚሆነው፦ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ነው ያለው፣ ከ0 እስከ 255። ብርሃኑ 255 ከደረሰ በኋላ ቢጨምርም የሚጻፍበት ቦታ የለም። የነጠላው ነጭ 255፣ የጥለቱ ጠርዝ 255፣ የጎረቤቷም ጋቢ 255። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሺህ ፒክስሎች፣ ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሶፍትዌሩ ያንን ቁጥር ቢቀንሰው ሁሉንም እኩል ነው የሚቀንሰው። ልዩነቱ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጥላው ጋ ስትሄዱ ግን ሌላ ነው። የገደሉን ጥላ ከፍ ሳደርገው ድንጋዩ መጣ፣ ቁጥቋጦው መጣ፣ ቁጥቋጦው ሥር የቆመች በግ ሳትቀር መጣች። ትንሽ ሻከር ይላል፣ ግን አለ። የጨለመ ቦታ ውስጥ ነገር ተደብቆ ይኖራል። የተቃጠለ ቦታ ውስጥ ምንም የለም። የጨለመው ይሻላል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በራው ባነሣው ኖሮስ? ምናልባት የተወሰነው ይመለስ ነበር። ራው ፋይል ከ256 ይልቅ በሺዎች የሚቆጠር ደረጃ ይይዛል፣ 12 ቢት ከሆነ 4,096፣ 14 ቢት ከሆነ 16,384። ጄፔጉ ተቃጥሏል ያለው ቦታ ላይ ራው ብዙ ጊዜ ትንሽ ትርፍ አለው። ግን እሱም ወሰን አለው። ራው ለተሳሳተ ሰው ትንሽ ፋታ ይሰጠዋል እንጂ ሁሉን አይምርም።

ያን ሌሊት ሌላም ነገር ስብሰለሰል ነበር። ድሮን ማንሣት የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፣ እንደ ብዙዎቻችን። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ግን የሚያነሡት ባሕር ዳርቻ ነው፣ አረንጓዴ ጫካ ነው፣ አስፋልት ነው። ብዙዎቹ አንድ ምክር አላቸው፦ ሂስቶግራሙን ወደ ቀኝ ግፋው፣ ብርሃን አብዛ፣ ያኔ ጥላው ንጹሕ ይሆናል። ለነሱ ይሠራል። ቢቃጠልባቸው የሚቃጠለው የማዕበል አረፋ ወይም የደመና ጫፍ ነው። ማንም «እኔ የታለሁ» ብሎ አይፈልገውም።

የኛ ነጭ ግን ሰው ነው። ጥምቀት በሉት፣ መስቀል በሉት፣ ለቅሶ በሉት፣ ሕዝብ በወጣበት ቦታ ሁሉ ከፍሬሙ በጣም ብሩህ የሆነው ነገር ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከላይ ሲታዩ ፊታቸው አይታይም። ማን ማን እንደሆነ የሚናገረው አለባበሱ ነው፣ የነጠላው አጣጣል፣ የጥለቱ ቀለም። እሱን ካቃጠላችሁ ያስቀራችሁት መልክዓ ምድሩን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ብርሃን መለካት ያለበት ለነጠላው ነው ባይ ነኝ። አፈሩ ይጨልም። አፈሩ ይጠብቃል።

ጋቢ ለብሶ የቆመው ልጅ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በ2012 ጥምቀት ታቦቱ ከመነሣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ማሳው ላይ ነበርኩ። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮት ስለነበር ያቺ ትንሽ ቦታ እንኳ ከሌላው ጊዜ በላይ ስልክ የያዘ ሰው በዝቶባት ነበር።

የአጎቴን ልጅ ጋቢ አስለበስኩትና ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ጋቢው አዲስ ነው፣ ገና ያልታጠበ። ድሮኑን ከፍ አድርጌ ልጁን ፍሬሙ መሀል አስገባሁት፣ ዜብራውን ከፈትኩ፣ ካሜራው ራሱ እንዳይመርጥ ሁሉንም ወደ ማንዋል አዞርኩ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 5.6። ሹተሩን ከ1/320 ጀመርኩት፤ ልጁ ከእግር እስከ ራሱ በመስመር ተዥጎረጎረ። 1/500። ትከሻውና ራሱ ላይ ቀረ። 1/800። ትከሻው ላይ ትንሽ አለ። 1/1000 ላይ መስመሩ ጨርሶ ጠፋ። እዚያ ላይ ቆለፍኩት። ስልኩ ላይ ማሳው ጨለማ ሆነ፣ ባሕር ዛፉ ጥቁር ሆነ፣ ልጁም ከሥር ሆኖ «አይታይም እኮ!» ይለኛል። ይጨልም።

ይሄ ነው እንግዲህ ዘዴዬ። ስም የለውም፤ እኔ ጋቢ መለካት እለዋለሁ። የደመናውን ሁኔታ እያዩ በየግማሽ ሰዓቱ ደገም ማድረግ ነው።

አፐርቸሩን ለምን 5.6? የዚያ ድሮን ካሜራ ከ2.8 እስከ 11 ይሄዳል። 11 ላይ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ምስሉ ይለሰልሳል፣ 2.8 ላይ ጠርዙ እንደ መሀሉ አይጠራም። መሀሉ ይሻላል። አፐርቸሩ የማይንቀሳቀስ ትንሽ ድሮን ያላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፣ በሹተር ብቻ ትጫወታላችሁ። ኋይት ባላንሱን፣ ነጩ ምን ያህል ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ እንደሚል የሚወስነውን፣ 5,600 ላይ አስሬዋለሁ። አውቶ ከተውት ድሮኑ በዞረ ቁጥር ነጩ አንዴ ቢጫ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል፣ በኋላ ፎቶዎቹን ለማመሳሰል ሰዓታት ይፈጃል። ኤችዲአር ብላችሁ ብርሃናቸው የሚለያይ ሦስት አምስት ፎቶ አንሥታችሁ ማዋሃድ ለተራራ ጥሩ ነው። ለሚራመድ ሕዝብ ግን አይሆንም፤ ሰዉ መንፈስ የመሰለ ጥላ ይጎትታል።

ያልጠበቅኩት ነገር ከፍታው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 60 ሜትር ላይ ነበርኩ። ቆይቼ አሰላሁት። የዚያ ካሜራ ፎቶ ወርዱ 5,472 ፒክስል ነው። ከ60 ሜትር ቀጥታ ወደታች ሲታይ ወርዱ 77 ሜትር ገደማ መሬት ይይዛል። አንዱ ፒክስል 1.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የእናቴ ጥለት አራት ጣት ቢሆን ነው። አምስት ፒክስል! ያውም ካሜራው ጋደል ብሎ ሲያይ ርቀቱ ስለሚጨምር ከዚያም ያነሰ። ብርሃኑን በትክክል ለክቼው እንኳ ቢሆን በጭንቅ ነበር የምትታየው። ስለዚህ በ2012 ወደ 30 ሜትር ወረድኩ፣ ከማሳው ወገን ሆኜ። አስተዳዳሪውን ድጋሚ አስፈቅጄ ነው፣ ዝቅ ሲል ድምፁ ዝማሬውን ይረብሻልና። ሦስት ደቂቃ ብቻ ቆየሁና አነሣሁት።

ድምፁን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ይሄ የ2011 እና የ2012 ታሪክ ነው። ዛሬ በብዙ የገጠር ቀበሌ የድሮን ድምፅ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚያስነሣ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሰማይ ላይ ምንም አላበረርኩም፣ ለማብረርም ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ሰማይ የሌለበት ፎቶ

አሁን ወደ ኤዲቱ። ራው ፋይሉ ሲከፈት ያስፈራል። ጨልሟል፣ ፈዟል። አንድ ጓደኛዬ አይቶት «አበላሽተኸዋል» ብሎኝ ነበር። ጥላውን ወደ 45 ከፍ አደረግኩት። ማሳው መጣ፣ ገለባው ወርቅማ ሆነ። ዋይት የሚለውን መጎተቻ ስነካ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ፤ ያኔ ስክሪኑ ሁሉ ይጠቁርና የተቃጠለው ቦታ ብቻ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሦስት አራት ነጥብ ታየኝ፣ የድባቡ ወርቃማ ዘርፍ ላይ። እሱ ይቃጠል፣ ወርቅ ነው። ከነጠላው ላይ ግን አንድም የለም።

ገለባውን አረንጓዴ የማድረግ ፈተና አለ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ጥር ጥርን ይምሰል ባይ ነኝ።

ከዚያ ለመጨረሻ ያህል፣ እንደ ልማዴ፣ ፕሪሴቴን፣ ቀለሙን በአንድ ጊዜ የሚቀይር ዝግጁ ቅንብር፣ ጫንኩበት። ሁለት ዓመት የተጠቀምኩበት ፕሪሴት ነው፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት። ቀለሙን ጠንከር፣ ፊቱን ሞቅ ያደርገዋል። እማዬ ጋ ይዤ ሄድኩ።

አሁን ሁሉም ሰው አለ። እሷም ገባት፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ትጠራቸው ጀመር። «ይቺ የጎረቤታችን ምራት ናት፣ የሠርጓ ቀሚስ ነው። ይሄ ጋቢውን እንዲህ የሚያጣፋው ያ አናጢው አይደል?» ደስ አለኝ። ጣቷ ከድባቡ ኋላ ደረሰ፣ በስተግራ። አለፈ። ተመለሰ። እንደገና አለፈ።

«እዚህ ነበርኩ እኮ» አለች። «ይቺ ማናት? አረንጓዴ ጥለት ያላት?»

ዝም አልኩ። ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ያ ፕሪሴት ሰማያዊን ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ነው፣ ለባሕርና ለሰማይ የተሠራ። ያጠቁረዋልም፣ ሰማዩ ጥልቅ እንዲመስል። የኔ ፎቶ ውስጥ ባሕር የለም። ካሜራው ወደታች ስለሚያይ ሰማይም የለም። በዚያ ፎቶ ውስጥ ሰማያዊ የነበረው ነገር የሰው ጥለት ብቻ ነው፣ ፕሪሴቱ ያን ሁሉ ኃይሉን ያሳረፈው እሱ ላይ ነው። ከተቃጠለው ነጭ ያዳንኩትን ጥለት በራሴ እጅ ሌላ ሴት ላይ አደረግኩት።

«አንቺው ነሽ እማዬ» አልኳት። «ቀለሙን እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ለምን?»

መልስ አልነበረኝም። ሁሌ ስለማደርገው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ምንም ሳትል ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ ሰማሁ። ቀሚሷን በፌስታል እንደተጠቀለለ ይዛ መጣች፣ ናፍታሌኑ ይሸታል። ጫፉን ዘርግታ ላፕቶፑ ስክሪን ጎን ያዘችው። መብራቱ ቢጫ ስለሆነ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ተጠጋን። ፕሪሴቱን አነሣሁት። የሰማያዊውን መጎተቻ ለብቻው ከፈትኩ። በቅርብ ሳየው ጥለቱ አንድ ቀለም አይደለም፤ መሀሉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ዳርና ዳሩን በቀጭን ወርቃማ ክር ተይዟል። ነጩም ነጭ አይደለም፣ የጥጥ ነጭ ነው፣ ወተት ውስጥ ትንሽ ቅቤ እንደገባበት። ቀድሜ ኋይት ባላንሱን በመምረጫው የእሷን ነጠላ ነክቼ ነበር ያስተካከልኩት፣ ይሄ ንጹሕ ነጭ ነው ብዬ። ለዚህ ነው ለካ ፎቶው ሁሉ ትንሽ የቀዘቀዘው። እሱንም አሞቅኩት።

ከዚያ ሰማያዊውን ወደ ቀኝ ገፋሁ።

«በዛ» አለች፣ አንዴ ጨርቁን አንዴ ስክሪኑን እያየች። «ትንሽ መልሰው።»

መለስኩት።

«ትንሽ ደግሞ።»